የጥጥ ጽጌረዳ

ጋሻው ልብስ ሰፊው የቁርጥራጭ ማዳበሪያውን ከትከሻው ሳያወርድ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ዓይኑ ያረፈው ጠጅቱ እንዲደርቁ መስኮቱ ላይ ከደረደረቻቸው ነጫጭ ጽጌረዳዎች ላይ ነው።

"ይሄን ነጭ ከየት አመጣሽው?" አላት።

"ከሰማይ አላወረድኩት! አንተው ነህ የሰጠኸኝ።" ጠጅቱ መቀሷን ሳታስቀምጥ ሳቀች። "ባለፈው ካመጣኸው ማዳበሪያ ውስጥ ነው። ምነው፣ አማረህ? ለሚስትህ አንድ ልስጥህ?"

ጋሻው አልሳቀም። ጋሻው ካልሳቀ ደግሞ አንድ ነገር አለ ማለት ነው፤ የደንበኛ ሱሪ አሳጥሮ ቆርጦ እንኳን የሚስቅ ሰው ነው። ማዳበሪያውን አወረደና አንዷን አበባ በሁለት ጣቱ አንስቶ ወደ ብርሃኑ አስጠጋት።

"ጥቁር ጥለት አልነበረውም?"

"ነበረው፤ እሱን ቆርጬ አወጣሁት። ነጩ ግን እንዴት ያለ ጨርቅ መሰለህ! ስስ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ስታርች ሲነካው ደግሞ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እንዲህ ያለ ጥጥ አሁን ገበያ ላይም የለም።"

"ጠጄ" አለ ጋሻው፣ ወንበር ስቦ እየተቀመጠ። "እሱ እኮ የእትዬ ወለተሰንበት የሐዘን ነጠላ ነው።"

ጠጅቱ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባትም ሳቋ ወዲያው አልጠፋላትም፤ ፊቷ ላይ ቦታ እንዳጣ እንግዳ ትንሽ ቆየ።

"የትኛዋ ወለተሰንበት?" አለች፣ ልደታ ውስጥ ሌላ ወለተሰንበት ያለች ይመስል።

"ስንት አሉ? የጋሽ ፈቃደ ባለቤት ናቸዋ! ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ የቤቱን ሴቶች ነጠላ ሰብስበው አመጡልኝ። ደህና ደህናውን ጥቁሩን አንስቼ ባለቀለም ጥለት እንድቀጥልበት፣ የነተበውን እንድጥለው ነገሩኝ። እኔ ደግሞ አንቺ እያለሽ ምን ይጣላል ብዬ ካንቺ ማዳበሪያ ከተትኩት። ለማን ነው የምትሠሪው?"

"ለኑኃሚን" አለች ጠጅቱ ቀስ ብላ። "ለነገው ሠርግ።"

ኑኃሚን የወይዘሮ ወለተሰንበት ልጅ ናት። ጋሽ ፈቃደ ደግሞ አባቷ ነበሩ።

ጠጅቱን ሰው "ምን ትሠሪያለሽ?" ብሎ ሲጠይቃት መልሱ ይቸግራታል። ልብስ አትሰፋም፣ ልብስም አትሸጥም። ልብስ ሰፊዎች ቆርጠው የጣሉትን ሰብስባ ልደታ ኮንዶሚኒየም ወዳለችው አንድ ክፍሏ ታወጣለች። ከሳቲን ብጣሽ አበባ ትጠቀልላለች፣ በከረባት ትራፊ ቁልፍ ታለብሳለች፣ ከመጋረጃ ጫፍ ዘርፍ ትሠራለች፣ ከባህል ቀሚስ ቁራጭ ቀጫጭን ጥብጣብ ታወጣለች። የተሠራውን ተክለ ሃይማኖት ወርዳ ለባለሱቆች ታስረክባለች፤ ከእነሱ ደግሞ የፀጉር ጌጥ የሚሠሩት፣ ስጦታ የሚጠቀልሉትና የሠርግ አዳራሽ የሚያስጌጡት ይገዙታል። ጋሻው "አንቺ እኮ እንጀራሽ የሰው ስህተት ነው" እያለ ይቀልድባታል። እውነቱን ነው፤ በተለይ የእሱ ስህተት።

ከአምቦ መጥታ ልደታ ስትገባ የተከራየችው ከወይዘሮ ወለተሰንበት ግቢ ጥግ ያለችውን ክፍል ነበር። አንድ ክረምት ታማ ሆስፒታል ገባችና ቀዶ ሕክምና ሊደረግላት ሆነ። ከተማው ውስጥ ዘመድ አልነበራትም። ነርሷ "አስታማሚሽ ማነው?" ብላ ስትጠይቃት ጠጅቱ ግድግዳውን ስታይ፣ ወይዘሮ ወለተሰንበት ምሳ ዕቃቸውን አልጋው ሥር አስቀምጠው "እኔ ነኝ" አሉ። አክስቷ ነዎት ወይ ቢሏቸው አዎ አሉ፤ እናቷ ነዎት ወይ ቢሏቸውም አዎ ከማለት አይመለሱም ነበር። ካርቶን አንጥፈው ከአልጋው አጠገብ እያደሩ፣ አጥሚት በማንኪያ እያጎረሱ በእግሯ አቆሟት።

ከዚያ ወዲህ ጠጅቱ ይህንን ውለታ ለመመለስ ያልሞከረችው ነገር የለም። የትራስ ልብስ ሠርታ ስትወስድ እሳቸው በምላሹ ቅቤ ይልካሉ። ለቅቤው ብላ የጠረጴዛ ጨርቅ ስትወስድ የተደለዘ በርበሬ ተቋጥሮ ይጠብቃታል። በዚህ ጨዋታ አንድም ቀን አሸንፋ አታውቅም። የኑኃሚን ሠርግ ሲቆረጥ ግን "አበባው በሙሉ የእኔ ነው፤ ስለ ክፍያ ያነሳ ሰው ዓይኔን አያየውም" ብላ ፎከረች። ጣቷ እስኪላጥ ጠቀለለች። የስታርቹ ድስት ከምድጃው ሳይወርድ፣ ሽሮዋን በጎረቤት ምድጃ እየሠራች ሰነበተች። ስትሠራም ደስ ይላት ነበር፤ እንደዚያ ደስ ብሏት የሠራችው ሥራ ትዝ አይላትም። አሁን ያ ሁሉ አበባ፣ መስኮቱ ላይ ከቀረው በቀር፣ እዚያ ቤት ነው። ሙሽሮቹ ከሚቀመጡበት ወንበር ጀርባ በሚሰቀለው መጋረጃ ላይ ትናንት ተሰፍቶ አልቋል።

በልጅ ሠርግ ላይ የአባቷን የሐዘን ጨርቅ መስቀል! ይህ ጠላት እንኳን አስቦ የማይሠራው ሟርት ነው።

"ሆድ ይፍጀው በይና ተዪው" አላት ጋሻው። "ነጭ ያው ነጭ ነው። እኔ ካልተናገርኩ፣ አንቺም ካልተናገርሽ ማን ያውቃል? ጨርቅ አፍ የለው።"

"እኔ አውቃለሁ።"

"አንቺማ አበባ ስታዪ ጨርቁ ነው የሚታይሽ። ሌላው ሰው የሚያየው አበባውን ነው።"

"ነገ እትዬ ወለተሰንበት እልል ሲሉ እኔ ያንን መጋረጃ እያየሁ አብሬ እልል ልበል? ነገ ከነገ ወዲያ ደግሞ ልጅቷን ራሷን እንኳን ቢያማት በእኔ ነው እያልኩ ልኑር?"

"የከተማው ራስ ምታት ሁሉ ያንቺ ሊሆን ነው በይኛ!"

"ጋሻው!"

"እሺ፣ እሺ። ልከተልሽ?"

"አልፈልግም። አንተ ከመጣህ መሃል ላይ ትስቃለህ።"

ተክለ ሃይማኖት ልታስረክበው ያዘጋጀችውን የሳቲን ጽጌረዳ ከሣጥኑ አውጥታ በትልቅ ፌስታል አጨቀችው። ባለሱቁ ቢቆጣ ይቆጣ። ከመስኮቱ ላይ ደግሞ አንዷን የጥጥ አበባ አንስታ ኪሷ ውስጥ ከተተች፤ ስትነግራቸው ባዶ እጇን ከማሳየት ይሻላል ብላ። ጥጡን ከመጋረጃው ፈትታ ሳቲኑን ለመስፋት ከሰዓት በኋላው ይበቃታል። ያልበቃት ድፍረቱ ነው።

ቅዳሜ በመሆኑ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ፋይል ያቀፈ ባለጉዳይ አይታይም ነበር። የታክሲ ረዳቶቹ ብቻ "ተክልዬ! የሞላ!" እያሉ ባልሞላ ታክሲ ይጣራሉ። ጠጅቱ ፌስታሉን አቅፋ ስትሄድ አንዱ ረዳት "እናት፣ ሠርግ ነው እንዴ?" አላት። ሌላ ቀን ቢሆን ቀልዱን በቀልድ ትመልስለት ነበር። ልደታ ማርያም አጥር ሥር ስትደርስ ቆማ ተሳለመች። እንደ ወትሮዋ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ እየጠራች አልለመነችም። "እመቤቴ፣ አፌን ብቻ ክፈቺልኝ" አለች።

በልቧ የምታሰላስለው አንድ ነገር ነበር። ወይዘሮ ወለተሰንበት አይሰድቧትም፣ አይጮሁባትም፤ ይህን ታውቃለች። የሚያደርጉት "ግድ የለም" ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ምናልባት ሲያይዋት ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ያልፋል፤ እሷን ባዩ ቁጥር ያ መጋረጃ ትዝ ይላቸዋል። በዚህች ከተማ ውስጥ ሲያይዋት ደስ የሚላቸው አንድ ሰው ቢኖሩ እሳቸው ናቸው። ያ እንዳይጠፋባት ነው የፈራችው።

ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ሴቶቹ የሽንኩርት ክምር ከበዋል፤ ግማሹ ያለቅሳል፣ ግማሹ ይስቃል። የጋሽ ፈቃደ እህት እትዬ ማናለብሽ ትልቅ ጭልፋ ይዘው መሃል ላይ ቆመዋል። ለሠርጉ ሥራ ማንም አልሾማቸውም፤ ራሳቸውን ሾመው ማንም ደፍሮ ያልሻራቸው ሴት ናቸው።

"መጣሽ?" አሉ ጠጅቱን ሲያዩ። "አበባሽ እኮ ጉድ አፈላ! ጎረቤቱ ሁሉ እየገባ ፎቶ ሲያነሳ ነው የዋለው። ይሄ ደግሞ ምንድነው የያዝሽው?"

"ምናልባት ከጎደለ ብዬ ነው።"

"የምን መጉደል! ተርፎ ግድግዳውን ሊያለብስ ነው።"

ጠጅቱ ፈገግ ለማለት ሞከረች። "እትዬ ወለተሰንበት የሉም?"

"መኝታ ቤት ናቸው። የነገውን ቀሚስ ለሌላ ሰው አላስነካም ብለው ራሳቸው እየተኮሱ ነው።"

ወይዘሮ ወለተሰንበት ጠጅቱን እንዳዩ ፊታቸው በራ። ካውያውን እንደያዙ "ነይ፣ ግቢ! ምሳ በልተሻል?" አሉ።

"በልቻለሁ።"

"ምን በላሽ?"

ጠጅቱ ምን እንደበላች ጠፋት። አልበላችምና።

"እትዬ፣ አንድ ነገር አጥፍቻለሁ" አለች።

"ምን ሰበርሽ?"

"አልሰበርኩም። አበባው... ነጩ አበባ..." ከኪሷ አውጥታ በመዳፏ ላይ ያዘችው። "የተሠራው ከእርስዎ የሐዘን ነጠላ ነው። ጋሻው የነተበውን ከቁርጥራጩ ጋር ሰጠኝ፤ እኔ ጥቁሩን ቆርጬ ጣልኩና ነጩን ጠቀለልኩት። አፈር ልሁንልዎት፣ አላወቅኩም! ሳቲን ይዤ መጥቻለሁ፣ አሁኑኑ ቁጭ ብዬ እቀይረዋለሁ፣ ማንም ሳያይ..."

ወይዘሮ ወለተሰንበት ካውያውን ቀጥ አድርገው አቆሙ። ሄደው በሩን ገፋ አደረጉት። ተመልሰው አልጋው ላይ ተቀመጡና እሷንም ጎትተው አጠገባቸው አስቀመጧት።

"ትናንት አውቄዋለሁ" አሉ።

"ምኑን?"

"ከካርቶኑ ሲወጣ አንዱን በእጄ እንደያዝኩ ነው ያወቅኩት። የገዛ እጄን ፈትል አጣዋለሁ እንዴ?" አበባዋን ተቀበሏትና ጠርዟን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። "የእኔ ክር አንዴ ወፈር፣ አንዴ ቀጠን ይላል። እናቴ 'ያንቺ እንዝርት ጠጥቷል' እያለች ትስቅብኝ ነበር። አየሽው?"

ጠጅቱ አየችው። ስትጠቀልለውም አይታው ነበር፤ ጥሩ ጥጥ ነው ብላ ብቻ አለፈችው እንጂ።

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"አንቺ እንዳትሰሚ ብዬ ነዋ! ከሰማሽ እንዲህ እንደምትሆኚ መች አጣሁት?"

"ሟርት ነው ብለው አልደነገጡም?"

ወይዘሮ ወለተሰንበት አበባዋን በመዳፋቸው ላይ አገላበጧት። ውጭ ሴቶቹ በአንድ ነገር ሲስቁ ይሰማል።

"ያንን ጥጥ መጀመሪያ ለምን እንደፈተልኩት ታውቂያለሽ? ለኑኃሚን ሠርግ ነው። ባሏ ማን እንደሚሆን ሳይታወቅ ነው የጀመርኩት። ፈቃደ ማታ ማታ ሬዲዮውን ሲያዳምጥ እኔ አጠገቡ እፈትላለሁ፤ 'ሙሽራ የሌለው ሠርግ' እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ፈትሉ አልቆ ለሸማኔው በሰጠሁ ሰሞን እሱ በድንገት ሞተ። ሸማኔው ጥለቱን ምን ቀለም ላድርገው ብሎ ላከብኝ። ጥቁር አድርገው አልኩት። ከዚያ ዓመት ሙሉ ከላዬ ሳላወርደው እላዬ ላይ አለቀ።"

"እትዬ..."

"ቆይ ልጨርስ። ከፈቃደ ሞት ቀጥሎ የቆጨኝ ይሄ ነው። ለልጄ ደስታ የፈተልኩትን ለራሴ ለቅሶ አደረግኩት እያልኩ። ለማን እነግረዋለሁ? ትናንት መጋረጃው ላይ ሳየው ግን..." በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። "ወደ ታሰበለት ሄደ። እኔ አበላሸሁት ያልኩትን አንቺ መለስሽልኝ።"

ጠጅቱ አበባዋን ከእጃቸው ተቀብላ አልጋው ላይ አስቀመጠቻት።

"ደግሞስ" አሉ ወይዘሮ ወለተሰንበት፣ "ያንን ነጠላ ለብሼ ስቀመጥ አጠገቤ ማን ነበር? ለቀስተኛው አልቅሶ፣ አጽናንቶ ወደየቤቱ ሄደ። ይሂድ፣ ሥራ አለው። አንቺ ግን ቁርጥራጭሽን በፌስታል ይዘሽ እየመጣሽ፣ አይዞሽም ሳትዪኝ፣ በቃሽም ሳትዪኝ፣ ዝም ብለሽ ትጠቀልዪ ነበር። ያ ዝምታሽ እንዴት እንዳቆመኝ አንድ ቀን እነግራታለሁ እያልኩ እስከዛሬ አልነገርኩሽም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ጠጅቱ ይህን ቃል ለእኚህ ሴት ስንት ጊዜ እንዳለችው፣ እሳቸው ደግሞ "ተይ እባክሽ" እያሉ ስንት ጊዜ እንደመለሱባት! አሁን ከእሳቸው አፍ ሲወጣ እንደ ልጅ አለቀሰች። ደስ ብሏት ነው።

በሩ ብርግድ ብሎ ተከፈተ። እትዬ ማናለብሽ ጭልፋቸውን እንደያዙ ገቡ። ከመቼ ጀምሮ በሩ ሥር እንደቆሙ ባይታወቅም፣ የሚበቃቸውን ያህል ሰምተዋል።

"የወንድሜን ሐዘን ነው ሠርግ ላይ የሰቀላችሁት?"

"ማናለብሽ፣ ቀስ በይ።"

"ምን ቀስ እላለሁ! እኔም ያለቀስኩበት ነጠላ አለበት። እንዲጣል ነው የሰጠሁት! ሰው ቢሰማ ምን ይላል? ነገ ልጅቷ ላይ አንድ ነገር ቢደርስስ? አውርዱት! አሁኑኑ ይውረድና ይቃጠል!"

ጠጅቱ ፌስታሏን ይዛ ልትነሳ ስትል ወይዘሮ ወለተሰንበት በእጃቸው አስቀሯት።

"ሞት ከጨርቅ ነው እንዴ የሚመጣው?" አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። "ፈቃደ የሞተ ቀን አዲስ ሸሚዝ ነበር የለበሰው።"

እትዬ ማናለብሽ ጭልፋውን አየት አደረጉት፤ የሚያስቀምጡበት አጡ። መጨረሻ ላይ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"ሸሚዙን እኔ ነኝ የገዛሁለት" አሉ።

"አውቃለሁ።"

"ሰማያዊ ነበር። አለቃ መሰልኩ እኮ አለኝ።"

"ነበር። አምሮበት ነበር።"

ጎን ለጎን ተቀምጠው አለቀሱ፤ የረጅሙ ዓመት ለቅሶ አልነበረም፣ ቶሎ የሚያልፍ ነው። እትዬ ማናለብሽ አፍንጫቸውን ጠርገው ሲጨርሱ ወደ ሥልጣናቸው ተመለሱ።

"እሺ፣ ይሰቀል። ግን ለልጅቷ እንዳትነግሯት! ሙሽራ በዋዜማው እንዲህ ያለ ነገር አይነገራትም። ቃል ግቡልኝ።"

ወይዘሮ ወለተሰንበት ደክሟቸው ነበርና በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጠጅቱ አፏን ከመክፈቷ በፊት ኑኃሚን የታጠበ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ገባች።

"ሙሽራዋ እኔ፣ የምታለቅሱት እናንተ!" አለች ወገቧን ይዛ። "ምን ሆናችሁ?"

"ሽንኩርቱ ነው" አሉ እትዬ ማናለብሽ።

"እዚህ ድረስ መጣ?"

"የዘንድሮ ሽንኩርት ኃይለኛ ነው።"

ኑኃሚን አላመነችም፤ ግን ለመጠየቅ ጊዜ አልነበራትም። "እቴ ጠጄ፣ ደግ ሆነ ያገኘሁሽ። ለፀጉሬ አንድ አበባ ስጪኝ። ፀጉር ሠሪዋ ነገ ጠዋት ልትሰካልኝ ነው።" ፌስታሉን ከፍታ ከሳቲኑ መሃል አንዱን መዘዘችና መስተዋቱ ፊት ቆማ ጆሮ ግንዷ ላይ አስጠጋችው። ከዚያ አልጋው ላይ ያለችውን የጥጥ አበባ አንስታ አስተያየቻቸው። "ይሄ የሚያብረቀርቀው ይሻለኛል መሰለኝ። ጥጡ ትንሽ ሻከር ይላል፤ ክሩም እኩል አይደለም። አይደል?"

ወይዘሮ ወለተሰንበት ወደ ካውያው ዞሩ። እትዬ ማናለብሽ ዓይናቸውን ጠጅቱ ላይ ተከሉ።

ጠጅቱ ከገበያ የተማረችው አንድ ሕግ አላት፦ ደንበኛ የመረጠው ነው የሚያምረው፤ አትከራከርም። በዚህ ቤት ደግሞ ሌላ ሕግ ነበራት። ውለታ የዋሉለት ሰው አንገቱን መነቅነቅ ቶሎ ይለምዳል፤ እሷም ተቀመጪ ሲሏት ስትቀመጥ፣ ብዪ ሲሏት ስትበላ፣ እዚህ ቤት የተባለውን አንድም ቀን ተላልፋ አታውቅም። ያ የከበዳት ዕዳ ግን ዛሬ አልተሰማትም። ሳቲኑን ከኑኃሚን እጅ በቀስታ ወስዳ ወደ ፌስታሉ መለሰችው። የጥጡን ግን እጇ ላይ ተወችላት። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ይባል የለ?

"ቁጭ በይ፣ ኑኃሚን" አለች። "ስለ ክሩ የምነግርሽ አለ።"

ኑኃሚን ሦስቱንም በየተራ አየቻቸው። እትዬ ማናለብሽ በረጅሙ ተነፈሱ። ከዚያ ጭልፋቸውን ይዘው አልጋው ላይ ፈቀቅ አሉና ለልጅቷ ቦታ ለቀቁላት።